ብፁዕ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶና ተመልሰው የመጡ ተማሪዎቻቸው

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባተኛ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ ባለው የመርካቶ ገበያ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር በእግሩ ሲያልፍ የሚሆነውን ነገር ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ግማሽ ኪሎ በርበሬ ወይም የበር ቁልፍ ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ በሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ ባለሱቁ ደንበኛውን ትቶ ይነሣል፣ የተቀመጠበትን ዱካ ጠራርጎ ያቀርብለታል፣ ሻይ እንዲመጣ ልጅ ይልካል። መምህሩ አብዛኛውን ጊዜ የሰውየውን ስም አያስታውስም። በየትኛው ዓመት እንደ ተማረ፣ ከማን ጋር ይቀመጥ እንደ ነበረ፣ አባቱ ምን ይሠሩ እንደ ነበር እየጠየቀ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያም ድንገት ፊቱ ይበራል። ያንጊዜ የሚታየው ደስታ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን እንኳ የማይታይ ነው። ስለ ዕቃው ዋጋ የሚነሣው ክርክርም የመርካቶን ልማድ የሚገለብጥ ነው፤ ገዢው ልክፈል ሲል ሻጩ አልቀበልም ይላል።

በዚህ ሰፈር በአገልግሎት በቆየንባቸው ዓመታት ይህን ደጋግመን አይተናል። ሸክሙን መሬት ላይ አውርዶ የመምህሩን እጅ የሳመ ወዛደርም፣ ከመኪና ወርዶ ያቀፈ ነጋዴም አይተናል። መምህሩ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲያደርግ አላየንም። በየቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ አንባብያንም ይህ ደስታ አዲስ ነገር አይሆንባችሁም። ያለ ደመወዝ በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደከማችሁበት ልጅ ከዓመታት በኋላ በታክሲ ውስጥ ሒሳባችሁን ከፍሎ፣ ማን እንደ ሆነም ሳይናገር ወርዶ ሲሄድ ስሙን ለማስታወስ እስከ ቤታችሁ ድረስ ተጨንቃችሁ ይሆናል።

ሆኖም በዚህ እትም የምንተርከው የመርካቶን መምህር ታሪክ አይደለም። ይህ ደስታ እጅግ በተለየ መልክ የደረሳቸውን፣ በመጨረሻም ለሁለት ቀን ያህል ያመለጣቸውን የአንድ ሽማግሌ መምህር ሕይወት ነው። እኚህ መምህር በሐረር ከሃምሳ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከኢትዮጵያውያን ጋር የኖሩት፣ በአገራችን አባ እንድርያስ እየተባሉ የሚታወቁት ብፁዕ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው።

አቡነ እንድርያስ በ1858 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ቫንዴ በሚባለው አውራጃ፣ ሳን ማርስ ደ ፕሬ በተባለች መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸው የካፑቺን ማኅበር ገብተው ቡናማውን ቀሚስና የገመድ መታጠቂያውን ለበሱ፤ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይም ወደ አገራችን መጡ። የመጡበት ዘመን ለሚስዮኑ የስደት ማግሥት ነበር። በሸዋ ብዙ ዓመት የደከሙት፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት አቡነ ማስያ በ1879 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ተደርገው ነበር። ተተኪያቸው አቡነ ቶሬን ካኛ በ1881 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብተው ሥራውን እንደ አዲስ ጀመሩ። ሐረር ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። ወጣቱ መነኩሴ እንግዲህ በግንብ በተከበበችው በዚህች የእስላም ከተማ፣ ከአዛን ድምፅ በታች፣ ጥቂት ልጆች ሰብስቦ ከማስተማር ነበር የጀመረው። ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ከተማይቱ በንጉሥ ምኒልክ እጅ ስትገባ ደጃዝማች፣ በኋላም ራስ የሆኑት መኰንን ወልደ ሚካኤል አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ።

አቡነ ካኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ በሚቀጥለው ዓመት አባ እንድርያስ ሐዋርያዊ እንደራሴና ጳጳስ ሆነው ተተኩ። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ከጵጵስናቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በ1901 እ.ኤ.አ. በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተከፈተው መጠለያ ነው። በዚህ መጠለያ በአባ ማሪ በርናርድ አዘጋጅነት ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይኛ አንድ መጽሔት ይታተም ነበር፤ የስሙም ትርጓሜ የኢትዮጵያ ዘሪ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ከሚሸሻቸው ሕሙማን ግቢ ውስጥ ማተሚያ ቤት መኖሩ ዛሬም የሚያስደንቀን ነገር ነው። በድሬዳዋ ለብዙ ዓመት በአማርኛና በግዕዝ መጻሕፍት ያሳተመው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ስሙን የወሰደው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጠባቂ ከሚባለው ከአልዓዛር ነው።

ራስ መኰንን ልጃቸውን ልጅ ተፈሪን የወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በእጀርሳ ጎሮ ነው። እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዐረፉ። ሕፃኑ ፊደልና ግዕዝ በአገሩ ልማድ ከቤተ ክህነት መምህራን ተማረ። አባቱ ግን ኢጣልያንና እንግሊዝን ያዩ፣ ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለባት አብዝተው የሚያስቡ ሰው ስለ ነበሩ ልጃቸው የአውሮፓ ቋንቋ እንዲያውቅ ፈለጉ። ጉዳዩን ለወዳጃቸው ለአባ እንድርያስ አማከሩ። በሐረር ሐኪም የነበሩት፣ ትውልዳቸው ከጓድሉፕ ደሴት የሆነው ዶክተር ቪታልየን ፈረንሳይኛ ያስተምሩት ጀመር፤ ከሚስዮኑም ወጥተው የዕለት ተዕለት መምህሩ እንዲሆኑ የተመረጡት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። ከልጅ ተፈሪ ጋር ዘመዱ የሆነው ልጅ እምሩ ኃይለ ሥላሴም አብሮ ይማር ነበር።

በዚህ ቦታ ስለ አባ ሳሙኤል ጥቂት እንቁም፤ የታሪኩ ልብ እሳቸው ናቸውና። አባ ሳሙኤል በሚስዮኑ ትምህርት ያደጉ ኢትዮጵያዊ ካህን ነበሩ። ስለዚህ ለአባ እንድርያስ ተማሪ፣ ለልጅ ተፈሪ መምህር ነበሩ ማለት ነው። ጳጳሱ ራሳቸው በየቀኑ ከሕፃኑ ጋር ተቀምጠው ፊደል አላስቆጠሩም፤ ያስተማሩትን ሰው ላኩ። የመምህር ሥራ በሌላ መምህር እጅ ሲቀጥል ማየትን ያህል ደስታ ያለ አይመስለንም፤ ይህን ግን በትክክል የሚያውቁት ያየው የደረሳቸው ብቻ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በስተርጅናቸው ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው አባ ሳሙኤልን በታላቅ ምስጋና አንሥተዋል።

አንድ ነገር በግልጥ መነገር አለበት። ሚስዮኑ ካቶሊካዊ፣ ልጁ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱም እንዲሁ ኖረ። ራስ መኰንን ልጃቸውን ሲሰጡ ይህን አምነው ሰጡ፣ አባ እንድርያስም ይህን አምነው ተቀበሉ። ተማሪው መምህሩን እንዲመስል ማድረግ የትምህርት ግብ ነው ብለው ቢያስቡ ኖሮ የሁለቱ ወዳጅነት አንድ ዓመት እንኳ በቆየ ነበር ብለን አናምንም። ቆየ፤ ከአርባ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ቆየ።

በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን በቁልቢ ዐረፉ። ደጃዝማች ተብሎ የነበረው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሄደ። ለሐረር መምህራን ይህ የመለያየት ጊዜ ነበር። ማንኛውም መምህር እንደሚያውቀው ተማሪው በር ላይ ቆሞ ተሰናብቶ ከወጣ በኋላ ያለው ዝምታ ረጅም ነው። ልጁ ይመለስ ይሆን? ቢመለስስ ያንኑ ልጅ ሆኖ ነው ወይስ ሌላ ሰው? በቤተ መንግሥት ያደጉ የመኳንንት ልጆች የሕፃንነት መምህራቸውን ሲያገኙ ራሳቸውን ዘወር ማድረጋቸው ያልተሰማ ነገር አልነበረም።

ተመለሰ። በ1902 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ የአባታቸውን ግዛት ሐረርጌን ተሾሙ። ዕድሜያቸው አሥራ ሰባት ነበር። በሐረር በር የገባው ወጣት ትናንት ደብተር ይዞ የሚመጣው ልጅ፣ ዛሬ ግን በጳጳሱም በሚስዮኑም ላይ የሚያዝ አገረ ገዥ ነው። መምህር ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። አንዳንዱ በተማሪው ሹመት ጥላ ሥር ለመጠለል ይቸኩላል፤ ሌላው ደግሞ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ እያለ በየቀኑ ውለታውን ይቆጥራል። አባ እንድርያስ ከሁለቱም ርቀው በቀድሞ ቦታቸው ቀሩ። ሕሙማኑ፣ የሙት ልጆቹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ለክህነት የሚዘጋጁት ወጣቶች ነበሩባቸው። ተማሪው ሲመጣ በሩ ክፍት ነበር፤ ምክር ሲጠየቁም ይሰጡ ነበር። አባ ሳሙኤልም በአገረ ገዥው ዘንድ ቀሩ፤ ከመምህርነት ወደ አማካሪነትና ወደ ወዳጅነት ተሻገሩ።

እነዚያ የሐረር ዓመታት ለአባ እንድርያስ መልካም ዘመን ይመስሉናል። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። ለባቡር ጣቢያው፣ ለፖስታ ቤቱ፣ ለጉምሩኩ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ልጆች ይፈለጉ ነበርና ከሚስዮኑ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች እዚያ ሥራ ያገኙ ነበር። የተመለሰው ተማሪ እንግዲህ አንድ አገረ ገዥ ብቻ አይደለም። ስማቸው በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ያልተጻፈ አስተርጓሚዎች፣ ጸሐፊዎች፣ የባቡር ሠራተኞችም ነበሩ። እኛ የምናስበው ጳጳሱ በሁለቱ ዓይነት ተማሪ የተደሰቱት ደስታ አንድ ዓይነት ነበር ብለን ነው፤ ከመርካቶው መምህር የተማርነው ይህን ነውና።

ይህ ነገር በሌላም አገር ምስክር አለው። በኢጣልያ በቱሪን ከተማ፣ ከታላቁ የፖርታ ፓላዞ ገበያ አጠገብ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ የጎዳና ልጆችን ይሰበስብ ነበር። ሰኔ 24 ቀን 1870 እ.ኤ.አ.፣ በስሙ ቀን፣ አድገው ሥራ የያዙ ጥቂት የቀድሞ ተማሪዎቹ ካርሎ ጋስቲኒ በተባለው መሪነት ተሰብስበው መጡ፤ ይዘውለት የመጡትም ስጦታ የቡና ስኒ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው የሳሌዥያን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር መነሻዬ የሚለው ያንን ቀን ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዚህ ስጦታ ትርጉም ማብራሪያ አያሻውም፤ ስኒ የሚያመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ሊጠጣና ሊጫወት ነው የሚመጣው።

ወደ ሐረር እንመለስ። በ1907 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ደጃዝማች ተፈሪ ከአባ ሳሙኤልና ከሌሎች ሰዎች ጋር ከሐረር በማይርቀው በሐሮማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጡ። በእኛ ዘመን ደርቆ መሬቱ የታየው ያው ሐይቅ ነው። ያን ጊዜ ጥልቅ ነበር። ጀልባዋ በመካከሉ ውኃ ገባባትና ሰጠመች። ሰባት ሰዎች ሞቱ። ደጃዝማች ተፈሪ ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል ከሞቱት መካከል ነበሩ።

ጳጳሱ ያን ዕለት ምን እንደ ተሰማቸው ለመናገር አንደፍርም። የሆነው ግን ይህ ነው፤ ከአንድ ጀልባ አንዱ ልጃቸው ወጣ፣ ሌላው ሰጠመ። የሰጠመው ደግሞ የእሳቸው የመጀመሪያ ፍሬ፣ ለሌላው የሰጡት ነበር። በሕይወት የተረፈው ወጣት ከዚህ በኋላ ወደ መምህሩ ቤት ሲመጣ በመካከላቸው ስሙ ባይነሣም የሚታወስ አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ የተማሪ መመለስ መምህሩን የሚያስደስተው እንዲህ ባለ ኀዘን ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የአገሪቱ ታሪክ አንባብያን ስለሚያውቁት በአጭሩ እናልፈዋለን። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ደጃዝማች ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በ1917 እ.ኤ.አ. ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። አብሮ የተማረው ልጅ እምሩም ራስ ሆነ፤ ሐረርን፣ በኋላም ወሎንና ጎጃምን ገዛ። በሐረር አንድ ሽማግሌ ጳጳስ ያስተማሯቸው ሁለት ልጆች አገር ያስተዳድሩ ጀመር። በኋላ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ አገዛዝ ላይ የተነሣው ክርክርና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው አብዮት የታሪክ ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው፤ መምህር ተማሪው በአርባና በሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚሠራው ሁሉ ሊጠየቅም ሊመሰገንም ይገባዋል የሚል እምነት የለንም።

ለንግሥናው በዓል በ1930 እ.ኤ.አ. ከመጡት እንግዶች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ሐረር ሄዶ ሽማግሌውን ጳጳስ ጎበኘ። የጠየቃቸው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን በ1880ዎቹ በሐረር በንግድ ስለ ኖረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ስለ አርቱር ራምቦ ነበር። ጳጳሱ መጀመሪያ ሌላ ሰው የተጠየቁ መሰላቸው፤ ካስታወሱት በኋላ ግን ቁም ነገረኛና የሚያሳዝን ሰው እንደ ነበረ ነገሩት። ደራሲው የዓለም ዝና ያለውን ባለቅኔ ሲፈልግ ያገኘው በሰፈራቸው የነበረን አንድ ብቸኛ ነጋዴ ነው። ይህን ስናነብ ፈገግ ብለናል፤ ነገር ግን የመምህር ትዝታ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰው በኋላ የሆነውን አያስታውስም፤ ያን ጊዜ የነበረውን ያስታውሳል። ለአባ እንድርያስም ንጉሠ ነገሥቱ ከዘውዱ በፊት እናቱ የሞተችበት የራስ መኰንን ልጅ ነበር ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ አቃጠሏት። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሐረር በኢጣልያ ጦር ተያዘች። ራስ እምሩ በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው በ1929 ዓ.ም. ተያዙ፤ በኢጣልያ ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ በስደት ተቀመጡ።

ተማሪዎቹ በባዕድ አገር ሲበተኑ መምህሩ በኢትዮጵያ ቀሩ። ግን ለብዙ ጊዜ አልሆነም። አዲሱ ገዢ በኢትዮጵያ ምድር ፈረንሳዊ ሚስዮናዊ እንዲኖር አልፈለገም፤ በ1937 እ.ኤ.አ. የሐረር ሐዋርያዊ እንደራሴነት ለኢጣልያዊ ጳጳስ ተሰጠ። ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጉት አባ እንድርያስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከኖሩበት አገር እንዲወጡ ተደረገ። የቋንቋውን ለዛ፣ የሕዝቡን ጠባይ፣ የሐረርን ጠባብ መንገዶች ከትውልድ መንደራቸው ይልቅ ያውቁ ነበር። በወጣትነታቸው ትተዋት ወደ ወጡት ፈረንሳይ ተመለሱ፤ በቱሉዝ ከተማ በማኅበራቸው ገዳም ተቀመጡ።

በእነዚሁ ዓመታት በአዲስ አበባ ሌላ ነገር ሆነ። የኢጣልያ አስተዳደር ከተማይቱን በዘር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቁን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ከተማ ወደ ተባለው ሰፈር አዛወረው። ዛሬ ሁላችን ሳናስበው የምንጠራው መርካቶ የሚለው ስም ያን ጊዜ የገባ የኢጣልያ ቃል ነው። አንዱን ሽማግሌ ከቦታው ያነሣው እጅ ገበያውንም ከቦታው ያነሣ ነበር። ገበያው በአዲሱ ስፍራ ሥር ሰደደ፣ አደገ፣ ከያዙት ሰዎች በኋላም ቀረ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌን ነቅሎ በሌላ ስፍራ መትከል ግን አይቻልም።

በ1940 እ.ኤ.አ. ሰኔ ኢጣልያ ጦርነት ስታውጅ የንጉሠ ነገሥቱ የመመለስ ዕድል ተከፈተ። በዚያው ወር ከእንግሊዝ ተነሥተው ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ካርቱም አመሩ። ነገር ግን በዚያው ወር ፈረንሳይ ተሸነፈች። ቱሉዝ ከእንግሊዝና ከእንግሊዝ ወዳጆች ጋር ግንኙነቱ በተቋረጠ መንግሥት ሥር ወደቀች። ተማሪው ወደ አገሩ ደጃፍ በቀረበ መጠን መምህሩ ይህን የመስማት ዕድላቸው ጠበበ። በካርቱም በረሃ ላይ ስንቅና ጠመንጃ እየተሰበሰበ፣ አርበኞች ከጎጃም እየተላኩ እየተመለሱ፣ ወራት አለፉ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። የጥምቀት ማግሥት፣ የቃና ዘገሊላ ቀን ነበር። ከዚያ በጎጃም በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ራስ እምሩም ከሁለት ዓመት በኋላ ኢጣልያ እጅ ስትሰጥ ከእስር ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሁለቱም የሐረር ተማሪዎች እንግዲህ ከስደትና ከእስር ተመልሰዋል።

አባ እንድርያስ በቱሉዝ ያረፉት በ1941 እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከኦሜድላው ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ። ያን ዕለት በኢትዮጵያ ከተራ ነበር፤ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ውኃው የሚወርዱበት፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በመንገድ ግራና ቀኝ የሚቆምበት ቀን። በዚያች የፈረንሳይ ከተማ በክረምት ቅዝቃዜ መካከል ዕለቱ ከተራ መሆኑን የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ብዙ ሰው የነበረ አይመስለንም።